ከእንግሊዝኛ ወደ ግሪክኛ፦ ለድሬዳዋ ባለጉዳይ የትኛው ተርጓሚ ይሻላል?

ድሬዳዋ ውስጥ የግሪክኛ ወረቀት ያስፈለገው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ግሪክኛ የሚችል ሰው ታውቃለህ ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ከከተማዋ ታሪክ የመጣ ነው። የባቡር ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ከደረሰ ወዲህ ከዚራ የተባለችው ሰፈር የፈረንሳዩም፣ የአርመኑም፣ የጣሊያኑም፣ የግሪኩም መኖሪያ ስለ ነበረች፣ የቀደሙት ሰዎች ግሪክኛ ሲቸግራቸው ሁለት ቤት አልፈው የጎረቤታቸውን በር ያንኳኩ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ድርጅትና ትርፍ ቤት ሲወረስ ብዙዎቹ ግሪኮች አገሩን ለቀው ሄዱ፤ ጥያቄው ግን እንደ ድሮው ቀረ። እኔ በዚያው በከዚራ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሰነድ እየተረጎምኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ ከግሪክኛ የማውቀው ሃያ አራቱን ፊደላት ለይቶ ማንበብን ብቻ ነው። የእኔ ሥራ የሚያበቃው ግሪክኛው ከሚጀምርበት ላይ ስለሆነ፣ ባለጉዳዩ «እሺ፣ ከዚህ በኋላስ ወደ ማን ልላከው?» ሲለኝ የምመልሰውን መልስ ሰፋ አድርጌ እዚህ አስቀምጣለሁ።

ምርጫውን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ወረቀቱን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት የማንን ፊርማ እንደሚያምን፣ ሁለተኛው ደግሞ ተርጓሚው ያልገባውን የሚጠይቅ ሰው መሆን አለመሆኑ ነው። የእኛ ሰነድ ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛ ወይም ከሶማልኛ ተነሥቶ በእንግሊዝኛ በኩል አልፎ ግሪክኛ ላይ የሚደርስ በመሆኑ፣ አቴና የተቀመጠው ባለሙያ የሚያየው መካከለኛውን እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ዋናውን ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ጥሩ ግሪክኛ የሚጽፍ ነገር ግን ምንም የማይጠይቅ ተርጓሚ፣ ከዚህ የተላከለትን ስህተት በጥሩ ግሪክኛ አስውቦ ይመልሳል።

ከዝርዝሩ በፊት አንድ ልዩነት ይቀመጥ። ተርጓሚ የተጻፈውን በጽሑፍ የሚመልስ ሲሆን፣ አስተርጓሚ የተነገረውን በአፍ የሚያስተላልፍ ነው። አንዱን በደንብ የሚሠራ ሰው ሌላውን በዚያው ልክ ይሠራል ማለት አይደለም። ለጋብቻ፣ ለውክልና፣ ለመኖሪያ ፈቃድ፣ ለትምህርት ማስረጃ የሚፈለገው ተርጓሚ ነው፤ አስተርጓሚው ለፍርድ ቤት፣ ለሐኪም ቤትና ለስብሰባ ነው። ብዙው ባለጉዳይ የሚመጣው ለመጀመሪያው ስለሆነ በእርሱ ላይ እቆያለሁ።

ወረቀቱ የሚሄደው ወዴት ነው?

«ግሪክኛ» ሲባል ተቀባዩ አገር ሁልጊዜ ግሪክ አይደለም። የግሪክ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ለብዙ ዘመን የራሱ የትርጉም አገልግሎት ነበረው፤ ይህ አገልግሎት በኦገስት 2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሥራውን አቁሞ፣ ከቀጣዩ ወር ጀምሮ በሚኒስቴሩ ሥር የተመዘገቡ የተረጋገጡ ተርጓሚዎች ተክተውታል። መሠረቱ የ4781/2021 ሕግ ነው። መዝገቡ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ስለሆነ፣ ባለጉዳዩ ቋንቋውንና ከተማውን መርጦ የተርጓሚውን ስም ራሱ ሊያገኝ ይችላል። «አገልግሎቱ ድሮ ያለበት ሕንፃ ሄደህ አስተርጉም» የሚል ምክር አሁንም ከዘመድ ዘመድ ይተላለፋል፤ ጊዜው ያለፈበት ምክር ነው።

ቆጵሮስ ግን ሌላ መንግሥት ናት። እዚያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ሕግ ወዲህ የሚሠራው ቃለ መሐላ የፈጸሙ ተርጓሚዎች የተመዘገቡበት የራሷ መዝገብ ነው። ወረቀቱ ኒቆስያ የሚገባ ሆኖ ሳለ የአቴናውን ተርጓሚ መቅጠር ቋንቋው አንድ ስለሆነ ትክክል ይመስላል፤ ፊርማው ግን ያለ ቦታው የተቀመጠ ፊርማ ይሆናል። ቆጵሮስ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ እህቶች ያሏቸው ቤተሰቦች በከተማችን ጥቂት ስላልሆኑ ይህን ሳላሳስብ ማለፍ አልፈልግም።

ሦስተኛው መንገድ የተገላቢጦሹ ነው፤ ግሪክኛው ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ማለት ነው። ከግሪክ የመጣ የፍቺ ውሳኔ ወይም የሕክምና ማስረጃ ያለው ሰው፣ እንዲሁም የግሪክ አያት ያለው የከዚራ ልጅ ይህንን ይፈልጋል። እንግሊዝ አገር መንግሥት ያስማለው ተርጓሚ የሚባል ሥርዓት ስለሌለ፣ የሚታየው የተርጓሚው የማረጋገጫ ቃልና የሙያ ማኅበር አባልነቱ ነው፤ በ1910 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የቋንቋ ባለሙያዎች ኢንስቲትዩትና በ1986 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የተርጓሚዎችና አስተርጓሚዎች ኢንስቲትዩት እዚህ ላይ ይጠቀሳሉ። አውስትራሊያ የሚታመነው ናቲ የተባለው ፈታኝ አካል የሰጠው ማረጋገጫ ነው። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ደግሞ ትርጉሙ የተሟላና ትክክል መሆኑን፣ ተርጓሚውም ሁለቱን ቋንቋዎች የሚችል መሆኑን በፊርማው ያረጋገጠበት ወረቀት ይበቃዋል።

በእጅ ያሉት አማራጮች

አንደኛው አማራጭ የሚያውቁት ሰው ነው፤ አቴና አሥር ዓመት የኖረች አክስት ወይም እዚህ የቀሩ የግሪክ ዝርያ ያላቸው አዛውንት። ከኤጀንሲ የመጣ መልእክት ምን እንደሚል ለማወቅ ወይም ከአከራይ ጋር ለመስማማት ከእነርሱ የሚሻል የለም፤ ዋጋውም ቡና ነው። መሥሪያ ቤት ለሚገባ ወረቀት ግን የአክስት ፊርማ ዋጋ የለውም። ደግሞም በጆሮና በሥራ ቤት የተለመደ ግሪክኛ የሕግ ጽሑፍ ግሪክኛ አይደለም። አክስት ስትለመን እምቢ ማለት ስለሚከብዳት ትሠራዋለች፤ ስህተቱ ሲመጣ ደግሞ ቤተሰቡ ያዝናል።

የስልኩን የትርጉም መሣሪያ በተመለከተ አቋሜ አጭር ነው፦ የመጣልዎን ለመረዳት ይጠቀሙበት፤ የሚልኩትን አይጻፉበት። ከእንግሊዝኛ ወደ ግሪክኛ ለተራ ደብዳቤ ከምንገምተው በላይ ይሠራል። የሰው ስም፣ ማኅተም ላይ የተጻፈ ቃልና የእጅ ጽሑፍ ሲመጣ ግን ይሳሳታል፤ ሲሳሳትም እየተጠራጠርኩ ነው አይልም።

ሦስተኛው በከተማችን ያለ የትርጉም ቢሮ «ግሪክኛም እንሠራለን» ብሎ የሚቀበለው ሥራ ነው። የሙያ ባልደረቦቼን ላማ አልፈልግም፤ አንዳንዱ ቢሮ ውጭ አገር የታወቀ ባለሙያ አለው። ነገር ግን ሦስት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ገንዘብ መስጠት አይገባም፤ ግሪክኛውን የሚጽፈው ማን ነው፣ ስሙና ፊርማው ወረቀቱ ላይ ይወጣል ወይ፣ ይህ ሰው ግሪክ ወይም ቆጵሮስ ውስጥ ባለው መዝገብ ይገኛል ወይ? መልሱ «እኛ ማኅተም እናደርግበታለን» ከሆነ፣ ማኅተሙ ለድሬዳዋ እንጂ ለአቴና ምንም አይነግራትም።

አራተኛውና ለአብዛኛው የግሪክ ጉዳይ የምመክረው በግሪክ መዝገብ ያለው የተረጋገጠ ተርጓሚ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ፊርማው ለአገሩ መሥሪያ ቤት እንግዳ አይደለም፤ ቋንቋው የአፍ መፍቻው ነው፤ ደንበኛው በቀጥታ ይጽፍለታል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ኮርፉ ደሴት ላይ ካለው የኢዮኒያን ዩኒቨርሲቲ የትርጉምና የማስተርጎም ትምህርት ክፍል የወጡ ሲሆኑ፣ የዚያው ክፍል ምሩቃን ማኅበርም የአባላቱን ዝርዝር ከነሙያ ዘርፋቸው ያወጣል። ጉድለቱ ደግሞ መዝገቡ የቋንቋ ችሎታን እንጂ የሙያ ዘርፍን በቂ አድርጎ የማያሳይ መሆኑ ነው፤ የልደት ወረቀት ሲተረጉም የኖረ ሰው የቀዶ ሕክምና ዘገባ ሲሰጠው ምን እንደሚያደርግ ከስሙ ላይ አይታወቅም።

አምስተኛው የግሪክ ጠበቃ ነው። የአገሩ የጠበቆች ሕግ፣ ማለትም የ4194/2013 ሕግ፣ ቋንቋውን በሚገባ የሚያውቅ ጠበቃ ሰነድ ተርጉሞ እንዲያረጋግጥ ይፈቅድለታል፤ የተተረጎመው ሰነድ ቅጂም ተያይዞ ይቀርባል። ታዲያ ጠበቃ ወይስ ተርጓሚ? ጉዳዩ ቀድሞውኑ በጠበቃ እጅ ያለ የውርስ ክርክር፣ የፍቺ ውሳኔ ወይም የውክልና ሰነድ ከሆነ ጠበቃው ይሻላል፤ ምክንያቱም ቃሉን የሚመርጠው በኋላ በዚያው ቃል የሚከራከረው ሰው ነው። አንድ ገጽ ያላገባ ማስረጃ ወይም የትምህርት ማስረጃ ብቻ ከሆነ ግን ለተርጓሚው መስጠት ይበቃል። ጠበቃ ሲመረጥ «ራስዎ ይተረጉሙታል ወይስ ሌላ ሰው ሠርቶት እርስዎ ይፈርማሉ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

የትርጉም ድርጅቶች በመጨረሻ ይመጣሉ። ብዙ ገጽ በአጭር ጊዜ ሲፈለግ፣ ለምሳሌ አንድ የሐረር ቡና ላኪ የሃምሳ ገጽ ውል ሲደርሰው፣ ለብቻው ከሚሠራ ሰው ይሻላሉ። አይሶ 17100 የሚባለውን ደረጃ እንከተላለን የሚል ድርጅት ትርጉሙን ሌላ ሁለተኛ ባለሙያ እንዲያርመው ግዴታ አለበት፤ ስለዚህ የሚያርመው ማን እንደሆነ ጠይቁት። ለአንድ ገጽ ወረቀት ግን ድርጅት በመካከል የሚገባ ደላላ ይሆንና ለተርጓሚው የምንጽፈው ጥያቄ ሁለትና ሦስት እጅ ዞሮ ይደርሳል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይደርስም።

መካከለኛው እንግሊዝኛ

እዚህ ላይ ጥፋቱ የራሴ የሆነ አንድ ነገር ልንገር። አንዲት ወጣት የልደት የምስክር ወረቀቷን አምጥታ ወደ እንግሊዝኛ ተረጎምኩላት። ቀኑ ጥር 5 ቀን 1988 ይላል። ግድግዳዬ ላይ ከተለጠፈው ሠንጠረዥ ጥር 1 ማለት ጃንዋሪ 9 ነው ብዬ፣ ጃንዋሪ 13 ቀን 1996 ብዬ ጻፍኩ። 1987 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት የሆነችበት ዓመት እንደ ነበረና፣ በዚህም ምክንያት 1988 የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን እንደሆነ፣ እስከ ፌብሩዋሪ ማብቂያ፣ ማለትም እስከ የካቲት 21 ድረስም እያንዳንዱ ቀን በአንድ እንደሚገፋ ዘነጋሁ። ትክክለኛው ጃንዋሪ 14 ነበር፤ ፓስፖርቷም 14 ይላል። መጀመሪያ የሠራላት ተርጓሚ 13ቱን እንዳለ ወደ ግሪክኛ አሻገረው። በሌላ ሰነድ ምክንያት የቀጠረቻት ሁለተኛዋ ተርጓሚ ግን በማግሥቱ አጭር ደብዳቤ ላከች፦ በአባሪነት የላካችሁት ፓስፖርት 14 ይላል፣ ትርጉሙ 13 ይላል፣ የትኛውን ልጻፍ? በዋጋ ከመጀመሪያው ትበልጥ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠንጠረዡን ከግድግዳው አንሥቼዋለሁ፤ ለባለጉዳይ የምጠቁመውም የሚጠይቅ ተርጓሚ ነው።

ስምም እንዲሁ ነው። ግሪክኛ የ«ሸ»፣ የ«ቸ» እና የ«ጨ» ድምፅ የለውም። «ጫልቱ» የሚለው ስም በእንግሊዝኛ በ«ሲ-ኤች» ተጽፎ ይሄዳል፤ ግሪክኛው «ትሳልቱ» ያደርገዋል፤ ከዚያ ኤሎት 743 በሚባለው የግሪክ ደረጃ ወደ ላቲን ፊደል ሲመለስ በ«ቲ-ኤስ» የሚጀምርና በ«ኦ-ዩ» የሚያልቅ ሌላ ስም ይሆናል። ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም። የራሳችን ከተማ ስም እንኳ ከዚህ አያመልጥም፦ የዛሬው ግሪክኛ የ«ደ»ን ድምፅ የሚጽፈው የ«ነ» እና የ«ተ»ን ፊደላት አጣምሮ ስለሆነ፣ ድሬዳዋ ደርሳ ስትመለስ «ንቲሬ ንታውዋ» ልትሆን ትችላለች። ልምድ ያለው ተርጓሚ ስሙን በግሪክ ፊደል ጽፎ አጠገቡ በፓስፖርቱ ላይ ያለውን የላቲን አጻጻፍ ሳይለውጥ ያስቀምጣል። ይህን የሚያደርግ መሆኑን ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ማረጋገጥ ሳንቲም አያስወጣም።

የግሪክ ቅጽ ስም፣ የቤተሰብ ስም፣ የአባት ስምና የእናት ስም ብሎ አራት ቦታ ይጠይቃል። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ የአባቱ ስም በአንዱ ቦታ ገብቶ በሌላውም ይደገማል፤ ወይም የአያቱ ስም የአባቱን ቦታ ይይዛል። መለኪያው ፓስፖርቱ ነው። ፓስፖርቱ የቤተሰብ ስም በሚልበት ቦታ የሰፈረው የቤተሰብ ስም ይሆናል፤ የአባት ስም ደግሞ በእርግጥ የአባት ስም ሆኖ ይገባል። ይህን ለተርጓሚው በሁለት መስመር መጻፍ ያስፈልጋል፤ አቴና ያለ ሰው የእኛን የስም አጠራር ሊያውቅ አይገደድምና።

ሌላው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ማኅተም ላይ ያለውም ጽሑፍ ይተረጎማል። ሰነዱ ቀድሞ ተተርጉሞ በኋላ የማረጋገጫ ማኅተም ቢደረግበት፣ ማኅተሙ ከትርጉሙ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ የትኛው መሥሪያ ቤት መጀመሪያ፣ የትኛው በመጨረሻ ማረጋገጥ እንዳለበት አዲስ አበባ ያለውን የግሪክ ኤምባሲ ጠይቆ ማወቅ፣ ከድሬዳዋ ተነሥቶ አውቶቡስ ከመሳፈር በፊት የሚደረግ ሥራ ነው።

የሙያ ዘርፍ ለምን ይጠየቃል?

ጠረጴዛ የሚለው ቃላችን ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ ወንጌልና ዲያቆንም እንዲሁ። ነገር ግን ዛሬ አቴና ውስጥ «ትራፔዛ» ያለ ሰው ባንክ ማለቱ ነው፤ ምግብ የሚቀርብበት «ትራፔዚ» ይባላል። እንግሊዝኛም እንደ እኛ ከግሪክኛ ብዙ ቃል ስለ ወሰደ፣ የሚመሳሰሉ ነገር ግን የሚለያዩ ቃላት በየገጹ ይገኛሉ፤ ልምድ የሌለው ተርጓሚም በእነዚህ ይሰናከላል። በእንግሊዝኛ «አፖሎጂ» ይቅርታ ነው፤ በግሪክኛ «አፖሎዪያ» ተከሳሽ በፍርድ ሂደት የሚሰጠው የመከላከያ ቃል ነው። ለአሠሪ የተጻፈ የይቅርታ ደብዳቤ በዚህ ቃል ቢተረጎም ይቅርታው ጠፍቶ ክርክር ይሆናል። በእንግሊዝኛ «ፓቶሎጂስት» የሰውነት ናሙና በላቦራቶሪ የሚመረምር ሐኪም ነው፤ የግሪኩ «ፓቶሎጎስ» የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው፤ ናሙና መርማሪው «ፓቶሎጎአናቶሞስ» የሚባል ሌላ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ቃል የሕክምና ተርጓሚ በቀላሉ ያልፈዋል፤ ሌላው ግን መዝገበ ቃላት ከፍቶም ሊስት ይችላል፤ ቃሉ የሚያውቀው ስለሚመስለው አይጠራጠርምና።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የድሮ ወረቀት ነው። አንድ ሰው የአያቱን የክርስትና ወረቀት በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጎ አመጣልኝ፤ ከእጥፋቱ ላይ ሊቆረጥ ደርሷል፤ በየፊደሉ አናት ላይም ጭረትና ነጠብጣብ እንደ ጉንዳን ሰፍሮበታል። እነዚህ ምልክቶች በ1982 እ.ኤ.አ. ወደ አንድ ምልክት ብቻ እስኪቀነሱ ድረስ የግሪክኛ ጽሕፈት አካል ነበሩ። ቋንቋውም ካታሬቩሳ የሚባለው፣ ከጥንቱ ግሪክኛ የተጠጋ የመጽሐፍ ቋንቋ ነበር፤ በመንግሥትና በትምህርት ቤት የሕዝቡ ቋንቋ በቦታው የተተካው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። ለእኛ ግዕዝ የተቀላቀለበትን የድሮ የመንግሥት ደብዳቤ ለዛሬ ተማሪ ሰጥቶ አንብብ እንደ ማለት ነው። መጀመሪያ የተጠየቀው ወጣት ተርጓሚ «የንግድ ሰነድ ነው የምሠራው፣ ይህን አልችልም» ብሎ ወደ ሌላ ሰው መራን። እንዲህ የሚል ባለሙያ አድራሻው ይያዝ፤ ለንግድ ውል ተመልሰው ይመጡበታል።

በዚህ ዓይነት ወረቀት ቀኑም ወጥመድ አለው። ግሪክ በመንግሥት ደረጃ የጎርጎርዮስን አቆጣጠር የያዘችው በ1923 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፌብሩዋሪ 16 ይባል የነበረው ቀን ማርች 1 ተባለ። ከዚያ በፊት በአሮጌው አቆጣጠር ሜይ 10 ቀን 1915 ተብሎ የተጻፈ ቀን በዛሬው አቆጣጠር ሜይ 23 ነው፤ በእኛ ደግሞ ግንቦት 2 ሳይሆን ግንቦት 15 ቀን 1907 ይሆናል። ተርጓሚው ቀኑን በራሱ ፈቃድ መለወጥ አይገባውም፤ እንደተጻፈ አስቀምጦ ከግርጌ ማስታወሻ ይጽፋል። በዚሁ ወረቀት አባት በ«ኦስ»፣ ሴት ልጅ በ«ኡ» የሚያልቅ የቤተሰብ ስም ይዘው ቢታዩ፣ ማለትም ፓፓዶፑሎስና ፓፓዶፑሉ ቢባሉ፣ የአንድ ቤት ስም ነው፤ የሴቶች ስም በግሪክኛ እንዲህ ይረባል። ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉመው ሰው ይህንንም በማስታወሻ ካላስረዳ የእኛ መዝገብ ቤት ሠራተኛ «አባትና ልጅ አይደሉም» ብሎ ይመልሰዋል።

አስተርጓሚ ሲያስፈልግ

ወደ ድሬዳዋ ነፃ ንግድ ቀጠና የሚመጣ የግሪክ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ይናገራል። ለእርሱ አስተርጓሚ ከመቅጠር ያንኑ ገንዘብ ለውሉ ትርጉም ማዋል ይሻላል። አስተርጓሚ ግድ ከሆነም ለሁለትና ለሦስት ሰው ንግግር ተናጋሪው ቆም ሲል የሚያስተላልፍ አንድ ሰው ይበቃል፤ ንግግሩ ሳይቆም አብሮ የሚተረጎምበት ጉባኤ ግን በየሃያ ወይም በየሠላሳ ደቂቃ የሚፈራረቁ ሁለት ሰዎች ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ብቻዬን እሠራዋለሁ የሚል ሰው ርካሽ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚናገረውን ግን እሱም አይሰማውም።

ግሪክ ውስጥ ላሉ ዘመዶቻችን ዋናው ነገር ሌላ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የ2010 እ.ኤ.አ. መመሪያ መሠረት በወንጀል የተጠረጠረ ወይም የተከሰሰ ሰው ቋንቋውን ካላወቀ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ያገኛል፤ ወጪው የመንግሥት ነው። በጥገኝነት ጥያቄ ቃለ መጠይቅም አስተርጓሚ ይቀርባል። እንዲህ ባለ ጉዳይ ገንዘብ አዋጥቶ አስተርጓሚ መፈለግ አያሻም፤ የሚያሻው ቋንቋን አስተካክሎ መናገር ነው። የድሬ ልጅ ሦስትና አራት ቋንቋ ስለሚናገር «እንግሊዝኛ ትችላለህ?» ሲባል «እችላለሁ» ይላል፤ ከዚያም በማይመቸው ቋንቋ ስለ ሕይወቱ ይጠየቃል። የሚያስበው በኦሮምኛ ከሆነ ኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ከሆነ ሶማልኛ፣ በአማርኛ ከሆነ አማርኛ ብሎ ይጠይቅ። በሐኪም ቤት ልጅን ወይም ጎረቤትን አስተርጓሚ ማድረግም ነገሩ ቀላል ካልሆነ በቀር አይመከርም፤ እናት ለልጇ የማትነግረው ሕመም አለ።

ራስን ወደ ላይ ቀና ማድረግ ለግሪኮች «አይ» ማለት ነው፤ የእኛ ሰው ግን ቅንድቡን አንሥቶ፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» ይላል። ግሪኮች «አዎ» ለማለት የሚጠቀሙበት ቃል ደግሞ «ኔ» ነው፤ እንግሊዝኛ የለመደ ጆሮ «ኖ» ሊለው ይችላል። በቪዲዮ በሚደረግ ቃለ መጠይቅ ላይ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላቱን ይተወውና በአፉ ይመልስ።

ዋጋና ናሙና

ዋጋ በቃል ወይም በገጽ ይጠየቃል። በቃል ከሆነ የሚቆጠረው የእንግሊዝኛው ነው ወይስ የግሪክኛው የሚለው አስቀድሞ ይታወቅ፤ በሁለቱ ቋንቋዎች ያለው የቃላት ብዛት እኩል አይደለምና። ዩሮ ከድሬዳዋ መላክ አስቸጋሪ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው እዚያ ያለ ዘመድ ነው፤ ያ ዘመድ ወረቀቱን ሲረከብ ስሙን፣ ቀኑንና የፓስፖርት ቁጥሩን አንድ በአንድ እያነበበ በስልክ እንዲያረጋግጥ እንጂ ፖስታውን ታሽጎ እንዳለ እንዳይቀበል እነግራቸዋለሁ።

ሁለት ተርጓሚ ለመምረጥ ሲቸግር ረጅም ፈተና አያስፈልግም። ለሁለቱም ያንኑ ሰነድ፣ የፓስፖርቱን ቅጂና የሚቀበለውን መሥሪያ ቤት ስም ልኮ ዋጋ መጠየቅ ይበቃል። አንደኛው ዋጋና ቀን ብቻ ይመልሳል። ሌላው «የእናትየው ስም በሁለት ዓይነት ተጽፏል፣ የማኅተሙም ሁለተኛ መስመር አይነበብም፤ ጥርት ያለ ቅጂ ላኩልኝ» ይላል። ሥራውን ለሁለተኛው እሰጣለሁ፤ ከዚያም ማኅተሙን በቀን ብርሃን፣ በረንዳው ላይ ወጥቼ እንደገና ፎቶ አነሣለሁ።